ስለ እኛም ጻፉ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በጦርነት ስለፈረሱ ድልድዮች ብዙ ትጽፋላችሁ። በአየር ድብደባ ባሎቻችንን ስላጣን ወጣት ሴቶችም ጻፉ እንጂ!

ባሌ ወታደር አልነበረም። ከፍርስራሹ የወጣው ጠርዙ የተቃጠለ መታወቂያው ብቻ ነው። አስከሬን ስላልተገኘ የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት መከራ ሆነብኝ። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ የባንክ ሒሳቡም ውርሱም አይነካም። በጦርነት ጊዜ ሰዎችን ለሚጠብቁት የጄኔቫ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አንደኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ ፈንታ የማወቅ መብት አለው ይላል። ቢሮ ስገባ ግን «መሞቱን አረጋግጪ» የምባለው እኔው ነኝ።

«ገና ልጅ ነሽ፣ ታገቢያለሽ» የሚሉኝም አሉ። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን አንጀት ይቆርጣል። ልጄ ዛሬም የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እኔም አብሬያት እገባለሁ፤ ሌላ ማባበያ አላገኘሁም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ጁን 23ን ዓለም አቀፍ የመበለቶች ቀን ብሎታል። እስከዚያ አትጠብቁ። አስከሬኑ ያልተገኘን ሰው ሞት በፍርድ ቤት ማስመዝገብ እንዴት እንደሚቻል የሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ አስረዱን። እንደኔ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱ ብዙ ናቸው።

አንባቢያችሁ