የፓይለቶች ጡረታ ነገር፣ ከቅዳሜ በፊት አንብቡልኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው ፒያሳ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር፣ የአየር መንገድ ፓይለቶች የጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ይደግ ወይስ አይደግ የሚለው፣ ሳይቋጭ ስለተለያየን ሐሳቤን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

65 ዓመት የሚለውን ገደብ ያወጣው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ ካፒቴን፣ ማለትም ዋናው ፓይለት፣ 60 ሲሞላው ያበቃ ነበር። አሁን ደግሞ አየር መንገዶች 67 ይሁን እያሉ ነው። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 2023 ላይ ተቀብሎት ነበር፣ የመጨረሻው ሕግ ላይ ግን ሳይገባ ቀረ።

እኔ 67ን እደግፋለሁ። መምህር 60 ሲሞላው ጡረታ ሲወጣ ጤናውን ማንም አይጠይቀውም፣ ፓይለት ግን ከ60 በኋላ በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት ይቀርባል፤ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሳይ መለማመጃ) ውስጥ ገብቶም ሞተር ልክ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ይፈተናል፣ ካላለፈ አይበርም። አዘዞ ያለውን የጎንደር ኤርፖርታችንን አስቡት፦ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ፣ ዙሪያው ተራራ፣ ክረምት ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ። እዚያ ሲታረፍ ይሄን ሰማይ ዓመታት ያየ ሰው መሪው ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በዕድሜ ድንገተኛ ሕመም እንደሚጨምር አልክድም፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ኮክፒት ውስጥ ሁለት ሰው የሚቀመጠው። ከበድ የሚለኝ ካፒቴንነት የሚጠብቁት ወጣቶች ጉዳይ ነው፣ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ የተሻለ ሐሳብ ያላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፣ የምር መስማት እፈልጋለሁ።