ለወላጆች፦ ስለ ልጆቹ የብርጭቆ ማስቀመጫ ስራ

ሰላም ውድ ወላጆች እንዴት ከረማችሁ? ይሄን የምጽፍላችሁ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችን ሰሞኑን በአርት ክፍለ ጊዜ ስለጀመሩት ስራ ነው። የብርጭቆ ማስቀመጫ እየሰሩ ነው፣ ያው ሻይ ወይ ውሃ ስናስቀምጥ ጠረጴዛው ላይ ክብ ምልክት እንዳይቀር ከስር የምትደረገዋ ማለቴ ነው። ከወፍራም ካርቶን ትቆረጣለች፣ ልጁ ራሱ በቀረጸው ማህተም ታጌጣለች፣ ከዛ ጥጓ በፓንቸር ትበሳና ሪባን ይቋጠርባታል። በወላጆች ቀን ሁላችሁም ታዩታላችሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ እባካችሁ ከስቴሽነሪ ተሰርቶ ያለቀ አትግዙላቸው፣ እነሱ ከተኙ በኋላም እናንተ ቁጭ ብላችሁ አትጨርሱላቸው። ከፍቅር እንደሆነ በደንብ ይገባኛል። ከኮዬ ፈጬ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ መርካቶ ወይ ሜክሲኮ ውሎ ማታ ደክሞት የሚገባ ወላጅ ልጁ "ነገ ፕሮጀክት አለብኝ" ካለው ምን ያድርግ፣ ሱቅ ሄዶ መግዛቱ ይቀለዋል። ለዛም ነው ዘንድሮ ስራው በሙሉ እዚሁ ክፍል ውስጥ እንዲያልቅ ያደረግነው፣ ወደ ቤት የሚላክ ነገር የለም። ጠርዙ ቢጣመም ቀለሙ ቢፈስ ማርክ አይቀነስም፣ ተገዝቶ የመጣ ግን ልጁ ምን እንደቻለ ምን እንዳልቻለ ለመምህሯ አያሳያትም።

ምን እንደሚማሩበት በአይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማህተሙ ከድንች ነው የሚቀረጸው፣ ድንቹ ለሁለት ይከፈልና ፊቱ በጨርቅ ይደርቃል፣ ካልደረቀ ውሃው ቀለሙን ያቀጥነውና ሲታተም ይድበሰበሳል። አንዷ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የስሟን መጀመሪያ "ሉ"ን ቀርጻ ስታትም ፊደሉ ዞሮ ቅጥያው በግራ በኩል ወጣባት፣ አጠገቧ ያለው ልጅ "ለ" ስለቀረጸ የሱ ምንም አልሆነም፣ ምክንያቱም ለ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። መምህሯ ዝም ብላ አየቻት፣ መልሱን አልነገረቻትም። ልጅቷ ድንቹን አየች፣ ካርቶኑን አየች፣ እንደገና ድንቹን አየች፣ ከዛ ሌላኛውን ግማሽ አንስታ ቅጥያውን ወደ ግራ አድርጋ ቀረጸችው፣ ስታትመው ቀጥ ያለ "ሉ" ሆነላት። ጓደኞቿን ሁሉ ጠርታ አሳየች። እኛ ወላጆች ሰርተን ስንሰጣቸው የምንወስድባቸው ይሄንን ነው።

አሁን ከናንተ የምንፈልገው የሚጣል ነገር ነው። የጫማ ካርቶን፣ ያለቀ የስዕል ደብተር የጀርባ ሽፋን (እሱ ከሁሉም ይበልጣል)፣ የሸሚዝ ማሸጊያ ውስጥ ያለችው ካርቶን ሁሉ ይሆናል፣ ከሳሳ ሁለት ሶስቱን በኮላ አጣብቀን እናወፍረዋለን። የውሃና የኢንዶሚ ካርቶን ግን አትላኩ፣ ውስጡ ሞገድ ሞገድ ስለሆነ ማህተም ሲጫኑበት ይሰረጉዳል። ሪባን ደግሞ ከልደት ኬክ ከስጦታ ከሰርግ የተረፈ ካላችሁ፣ ልብስ ስፌት ቤት ያላችሁም የጥለት ቁራጭ ብትሰጡን በጣም ነው ደስ የሚለን፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ግራጫ ካርቶን ላይ እንዴት እንደሚያምር ብታዩት! ለጥጓ አጭሩም ይበቃል፣ አራት አራቱን ደራርበን እንደ ስጦታ መስቀለኛ ለማሰር ግን ከ70 ሳ.ሜ ባያንስ ጥሩ ነው። የጥለቱን ጫፍ እንዳይተረተር ኮላ እንቀባዋለን፣ የሚያብለጨልጨውን ሪባን ግን ጫፉን በሻማ ለኮፍ የምታደርገው መምህሯ ብቻ ናት። ስለታሙ ከተርም ልጆቹ እጅ አይገባም፣ ድንቹን የሚቀርጹት በፕላስቲክ ቢላና በእስክሪብቶ ክዳን ነው። ድንችና ቀለም ከኛ ነው።

አንዳንድ ወላጆች ለምን ፕላስቲክ ወይ ቫርኒሽ አይደረግበትም ብላችሁ ጠይቃችኋል። ካርቶኑ እርጥበቱን እንዲጠጣው ስለምንፈልግ ነው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ውሃው ላዩ ላይ ይቀርና ብርጭቆው ይንሸራተታል፣ ኮላ ብቻ ቢቀባ ደግሞ የጋለ ብርጭቆ ይጣበቅበታል። የሳይንስ መምህራችን ለልጆቹ እንደነገራቸው ጀርመን ድሬስደን ውስጥ ሮበርት ስፑት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 ከተፈጨ እንጨት ማስቀመጫ ያመረተው እርጥበት ስለሚጠጣለት ነው። የኛ ካርቶን ደግሞ ያገለገለ ወረቀት ተፈጭቶ የተሰራ ነው፣ ግራጫ የሆነውም ለዛ ነው። ስለዚህ ስትረጥብ ፀሐይ ላይ አድርቋት፣ ስታረጅም ልጁ ሌላ ይሰራል።

እቃውን እስከ ሐሙስ ከልጆቹ ጋር ላኩልን ወይ ጥበቃው ጋር ተዉልን። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ክፍሉ ክፍት ነው፣ የሚመቻችሁ ኑና ከልጃችሁ ጎን ቁጭ በሉ፣ ለናንተም የየራሳችሁ ድንችና ካርቶን ይዘጋጃል፣ የልጁን ለልጁ ተዉለት። ቀለሙ ልብስ ከነካ ስለማይለቅ አሮጌ ቲሸርት አልብሷቸው።

አክባሪያችሁ
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር