ባትሪው ከበረደ በኋላ ማስጠንቀቂያው ለምን ድጋሚ ይጮኻል?

ለተከበራችሁ የኢንቨርተርና የባትሪ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ድምፅን ይመለከታል

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ደውላችሁልናል። የባትሪው ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ቁልፉን ተጭናችሁ ዝም ታሰኙታላችሁ፤ ከቆይታ በኋላ ባትሪው በእጅ ሲነካ በርዶ ሳለ እንደገና ይጮኻል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ የድምፁን ሽቦ የነቀላችሁም አላችሁ። እባካችሁ ሽቦውን መልሱት። ሁለተኛው ጩኸት ብልሽት ሳይሆን ባትሪው ደህና ወደሚባል ሙቀት መመለሱን የሚነግራችሁ ነው።

ሙቀቱን የሚጠብቀው ኤል ኤም 75 የሚባል፣ ስምንት እግሮች ያሉት ትንሽ ቺፕ ነው። በመሣሪያችሁ ውስጥ ሁለት አሉ፤ አንዱ ከኃይል ትራንዚስተሮቹ አጠገብ፣ ሌላው ባትሪው ላይ ተለጥፎ። ቺፑ ሙቀቱን በግማሽ ዲግሪ እርከን ይለካል፤ መቆጣጠሪያው ሲጠይቀውም ቁጥሩን በሁለት ሽቦዎች ይነግረዋል። መቆጣጠሪያው ግን ሌላ ሥራም ስላለበት ሁልጊዜ እየጠየቀ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ቺፑ ሳይጠየቅ የሚናገርበት የብቻው እግር ተሰጥቶታል።

ይህ እግር ራሱ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። የማስጠንቀቂያው መስመር በሬዚስተር በኩል ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ተይዞ ይቆያል፤ ሙቀቱ ወሰኑን ሲያልፍ ቺፑ መስመሩን ወደ ዜሮ ይስበዋል። መቆጣጠሪያው የሚያየው ይህንን መውረድ ነው።

ወሰኑ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ትራንዚስተሮቹ ዘንድ ላለው ቺፕ የላይኛውን 70፣ የታችኛውን 60 ዲግሪ አድርገንለታል። ሙቀቱ 70ን ሲያልፍ ማራገቢያው ይነሳል፣ ከ60 በታች ሲወርድ ይቆማል። ወሰኑ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ 70 ላይ ግማሽ ዲግሪ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ማራገቢያው ሲነሳና ሲቆም ይውል ነበር። በዚህ አሠራር መስመሩ ሙቀቱን ተከትሎ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይመለሳል፤ የሰው እጅ አያስፈልገውም።

የባትሪው ቺፕ በሌላ መንገድ እንዲሠራ አድርገነዋል፤ ጥያቄያችሁም የመጣው ከዚህ ነው። ወሰኖቹ 45 እና 40 ዲግሪ ናቸው፤ ብዙ የሊቲየም ባትሪ አምራቾች ለቻርጅ የሚያስቀምጡት የላይኛው ወሰን 45 ነውና። ሙቀቱ 45ን ሲያልፍ ቺፑ መስመሩን ስቦ ይይዛል፤ መቆጣጠሪያው እስኪያነበው ድረስም አይለቅም። ባትሪው በመሃል ቢበርድ እንኳ አይለቅም። ሌሊት የሆነው ጠዋት ለሚመጣው ሰው ሳይነገረው እንዳይቀር ይህን መርጠናል። እናንተ ቁልፉን ስትጫኑ መቆጣጠሪያው ቺፑን ያነባል፣ መስመሩ ይለቀቃል፣ ድምፁ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ቺፑ የሚጠብቀው ሙቀቱ ከ40 በታች መውረዱን ነው፤ ሲወርድ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠራችኋል። ቁልፉን ስትጫኑ ዑደቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ክሊኒክ ወይም ዳቦ ቤት ለምታስተዳድሩ ይህ ሁለተኛ ጥሪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ያቋረጣችሁትን ቻርጅ መቼ መቀጠል እንደምትችሉ ሳትገምቱ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ቺፑ የሰጠነውን ወሰን የሚያስታውሰው ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ኃይል ፈጽሞ ተቋርጦበት ሲመለስ ፋብሪካው ወደሰጠው 80 እና 75 ዲግሪ ይመለሳል። የእኛ መቆጣጠሪያ በተነሳ ቁጥር፣ ቻርጅ ከመጀመሩ በፊት፣ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች ደግሞ ይጽፍለታል። መቆጣጠሪያውን ይህን በማይሠራ ሌላ ቦርድ ካስቀየራችሁት ግን ባትሪው 60 ዲግሪ ደርሶ እንኳ ምንም አትሰሙም። ርካሽ ቦርድ ተገኝቷል ብሎ የሚመክራችሁ ባለሙያ ካለ በመጀመሪያ ይህንን ጠይቁት።

ሌላው፣ ዝምታ ሁልጊዜ ደህንነት ማለት አይደለም። ወደ ባትሪው የሚሄደው ገመድ ቢበጠስ ወይም አይጥ ቢበላው መስመሩን የሚስበው ስለማይኖር ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ቺፑን በየጊዜው በሁለቱ ሽቦዎች እንዲጠራው፣ መልስ ካጣም ቢጫውን መብራት እንዲያበራ አድርገናል። ቢጫው መብራት ሲበራ ምንም ድምፅ ባይኖርም ቻርጁን አቁማችሁ ደውሉልን።

የቺፑ ልኬት እስከ 2 ዲግሪ ሊለያይ ስለሚችል በራሳችሁ ቴርሞሜትር 44 አይታችሁ ማስጠንቀቂያው ቢጮኽ አትደናገጡ።

ባለሙያችን ለጥገና ሲመጣ ሳይፈትን አይሂድ። የባትሪውን ቺፕ ከተለጠፈበት አንስቶ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ አድርጎ ያሞቀዋል፤ መጮኹን ትሰማላችሁ፤ ቁልፉን ትጫናላችሁ፤ ሲበርድም ሁለተኛውን ጥሪ ትሰማላችሁ። ሁለቱንም በጆሯችሁ ሳትሰሙ የአገልግሎት ቅጹን አትፈርሙለት።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል