ከግንቡ በፊት ደንገሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የካሪቢያን ደሴቶች በሀሪኬን ተመቱ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር እዚህ ባሕር ዳር የሚሰማው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፦ «እኛን ምን አገባን?» እውነት ነው፣ ሀሪኬን ጣና ላይ አይነሣም። ለመፈጠር 26.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ የሞቀ ሰፊ ውቅያኖስ ይፈልጋል፤ መሬት ላይ ሲወጣም ጉልበቱ ይከዳዋል። ማዕበል ዳርቻን የሚበላበትና ተክል ማዕበልን የሚያደክምበት መንገድ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው። ይህን የምንጽፈው በሐይቁ ዳር የድንጋይ ግንብ ለማቆም ለሚያስቡ የመዝናኛ ቦታ ባለቤቶች፣ ለቀበሌዎችና ለዳርቻው ገበሬዎች ነው፦ ከግንቡ በፊት ደንገልን፣ ታንኳ የሚሠራበትን የውሃ ዳር አገዳ፣ አስቡ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ዶሪያን የተባለው ሀሪኬን በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚምዘገዘግ ነፋስ ባሃማስ ውስጥ አባኮ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ግራንድ ባሃማ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ተገትሮ ዋለ። በሁለቱም ደሴቶች ሰፊ የማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደን ደርቆ ቀረ። ምክንያቱ ነፋሱ ብቻ አልነበረም። ቀዩ ማንግሮቭ ቅጠልና ቅርንጫፉ ከተገፈፈ በኋላ ከግንዱ የሚያቆጠቁጥ፣ ተኝቶ የሚጠብቅ ቡቃያ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥቁሩና ነጩ ማንግሮቭ ግን አላቸው። ስለዚህ ቀዩ የሚተካው ከፍሬው ብቻ ነው፤ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ በአቅራቢያው ካልተረፈ ሰው ችግኝ አፍልቶ ካልተከለ በቀር ቦታው ባዶውን ይቆያል።

አሸዋው ሌላ ነው። ሀሪኬን ከዳርቻ ጠርጎ ከሚወስደው አሸዋ ብዙውን ከውሃው ሥር፣ ከባሕሩ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ ይከምረዋል። ነፋሱ ሲረግብ ከሩቅ የሚመጣው ረጋ ያለ የውቅያኖስ ሞገድ በወራት ጊዜ ውስጥ እየገፋ ይመልሰዋል። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ደሴቱ ቁስሉን የሚያሽርበት መንገድ አለው።

ጣና ይህ የለውም። ዳርቻው በአብዛኛው ደለልና ጥቁር አፈር ነው። ደቃቅ አፈር አንዴ ከውሃ ጋር ከተቀላቀለ ደፍርሶ ወደ መሐል ይሄድና እዚያው ይዘቅጣል፤ መልሶ የሚገፋው የውቅያኖስ ሞገድም የለም። ጣና ዳር ላይ የሄደ መሬት ሄደ ማለት ነው። እዚህ ዳርቻውን የሚይዘው ተክሉ ብቻ ስለሆነ ደንገል ለጣና ከማንግሮቭም በላይ ያስፈልገዋል የምንለው ለዚህ ነው። ማንግሮቭን በተመለከተ የተለካ ነገር አለ፦ 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የማዕበልን ቁመት ከ13 እስከ 66 በመቶ ይቀንሳል። ልዩነቱ የሰፋው የደኑ ጥቅጥቅነት፣ የውሃው ጥልቀትና የማዕበሉ ዓይነት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ደንገልም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ ውሃው በሺህ አገዳ መካከል ሲፋተግ ይደክማል፣ የደከመው ውሃ ደግሞ የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል።

የጣናን ማዕበል መናቅ አይገባም። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሰፋ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ቦታም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ይሆናል። ባሕር ዳር ደግሞ በደቡቡ ጫፍ ስለተቀመጠች ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ እየገፋ ሊደርስባት ይችላል። በዚያ ላይ የሐይቁ ከፍታ በሰኔ ግድም ዝቅ ብሎ በመስከረም ስለሚሞላ፣ በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ልዩነት አለ። ማዕበሉ ዓመቱን ሙሉ የሚመታው አንድ መስመር ላይ አይደለም፤ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የሚከርም መጥረቢያ በሉት።

ግንብ ለምን እንደማይበጅ እንናገር። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ማዕበልን አይገድለውም፣ ይመልሰዋል። የሚመጣውና የሚመለሰው ሲጋጠሙ ከግንቡ ፊት ያለው ውሃ ይናጥና የግንቡን እግር ይቆፍራል። ሐይቁ ሲጎድል በግንቦት ወርዳችሁ ተመልከቱ፦ በታችኛው ድንጋይና በወለሉ ጭቃ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግንቡ ከታች ባዶ ሆኗል፣ ላዩ የተሰነጠቀ ባይመስልም። ሁለተኛው ጉዳት ከጀርባ ይመጣል። በክረምት አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ፣ ማስተንፈሻ ቱቦ ያልተቀበረለት ግንብ ሆዱ ወደ ሐይቁ ይነፋል። ሦስተኛው የጎረቤት ነው፤ ግንቡ በሚያልቅበት ጫፍ ያለው መሬት ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት ይበላል። ጎረቤትም የራሱን ግንብ ይሠራል፣ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ።

ድንጋይ የግድ ከሆነ (ጀልባ የሚቆምበት፣ መንገድ የሚያልፍበት ቦታ አለ) ቀጥ ያለ ግንብ ሳይሆን ያጋደለ ድርድር ይሁን። ለ1 ሜትር ቁመት 3 ሜትር አግድም ይሰጠው። ከ30 እስከ 50 ሴ.ሜ. የሆነ ያልተጠረበ ድንጋይ ይበቃል፤ ስሚንቶ አያስፈልገውም፣ ክፍተቱ ነው ሞገዱን የሚውጠው። ከድንጋዩ ሥር ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ወይም 20 ሴ.ሜ. ጠጠር ካልተነጠፈ አፈሩ በክፍተቱ እየሾለከ ይወጣና ድርድሩ ይሰምጣል። እግሩ ቢያንስ 50 ሴ.ሜ. ተቆፍሮ ይቀበር።

አሁን ወደ ደንገሉ። ብዙ ተከላ የሚከሽፈው በጊዜ ስህተት ነው። ችግኝ የሚተከለው በሰኔና በሐምሌ ነው የሚለው ልማድ ለተራራ እንጂ ለሐይቅ ዳር አይሠራም፤ በሰኔ የተተከለ ደንገል ሥር ሳይሰድ ውሃው ከላዩ ያልፍና ያፍነዋል። መተከል ያለበት ውሃው ሲሸሽ ነው። በመስከረም መጨረሻ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በድንጋይ ወይም በዛፍ ግንድ ላይ በቀለም አስምሩ። የመጀመሪያውን ረድፍ በኅዳር፣ ሁለተኛውን ውሃውን ተከትላችሁ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ትከሉ። ሁለቱም ጊዜ ውሃው ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ. በሆነበት ቦታ ይሁን፣ ነገር ግን ከመስከረሙ ምልክት ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አትትከሉ። የኅዳሩ ረድፍ በሚያዝያና በግንቦት መሬቱ ከተሰነጠቀበት ውሃ ይፈልጋል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሐይቅ ዳር ቆሞ ተክል ማጠጣት ያስቃልና።

ተከላው የሚወሰደው ከጤነኛና ጥቅጥቅ ካለ ደንገል፣ ከመሬቱ በኩል ካለው ጠርዝ ነው። በሐይቁ በኩል ያለውን አትንኩ፣ ማዕበሉን የሚመክተው እሱ ነው። በአካፋ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ. የሚሆን፣ 3 ወይም 4 አገዳ ያለው ቁራጭ ከነሥሩ አውጡ። አንዱን ቆርጣችሁ ተመልከቱ፦ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ቡናማ ሆኖ የሚላላና የሚሸት ከሆነ ጣሉት። ነፋስ እንዳያወዛውዘው አገዳውን ከ50 እስከ 60 ሴ.ሜ. አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ የተቆረጠው አገዳ መልሶ ባይረዝምም አዲሱ ከሥሩ ይወጣል። በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ትከሉ። እያንዳንዱ በባላ እንጨት ወደ ጭቃው ተወግቶ ይያዝ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ሞገድ ያንሳፍፈዋል። አንድ ለአንድ ካሬ ሜትር ሲሰላ 100 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ላለው ዳርቻ 500 ቁራጭ ይፈጃል፤ ለመተኪያ 100 ጨምሩበት።

ሞገዱ በሚበረታበት ቦታ ተከላው ብቻውን አይቆምም። ከፊቱ ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ. የወፈረ አጣና 1 ሜትር ያህል ጭቃው ውስጥ እየተመታ፣ በየ50 ሴ.ሜ. ይተከልና ጭራሮ ይጠላለፍበት። አጥሩ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የለበትም፣ ማድከም ብቻ ነው ሥራው። በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ክፍት ይተው፣ ዓሣም ሰውም ይለፍበት። ማሰሪያው ልጥ ወይም የሲሳል ገመድ ይሁን፤ ሽቦ ከሆነ ጭራሮው በስብሶ ካለቀ በኋላም እዚያው ተቀምጦ የአጥማጁን መረብ ይቀዳል። እንዲህ ያለ አጥር ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ደንገሉም ከዚያ በላይ አይፈልገውም።

ከማዕበል ይልቅ ተከላ የሚያጠፋው ከብት ነው። ለጋ የደንገል ቡቃያ ለላም ጣፋጭ ነው፤ በደረቁ ወቅት ሌላ ለምለም ነገር ስለሌለ መንጋው ወደዚያው ይነዳል። ባሕር ሸሽ መሬቱን የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ሳይስማማ የተተከለ ደንገል ከግንቦት አያልፍም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ፣ ይልቁንም ሐይቁ እጅግ በጎደለበት በ1995 ዓ.ም.፣ ውሃ የሸሸው መሬት ሲታረስ ብዙ ደንገል አብሮ ሄዷል። የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የበለጠ ይመራል። ስለዚህ ውሃው የሚለቀቅበትን መጠን የሚወስኑት ክፍሎች የሐይቁን ከፍታ በየሳምንቱ ለዳርቻው ቀበሌዎች ቢያሳውቁ ተካዩ ረድፉን የት እንደሚያሰምር ያውቃል። ወጪው አንድ የስልክ መልእክት ነው።

ታንኳ ለሚሠሩት ወይጦዎችና ደንገል ለሚሸጡት፦ መቁረጥ ደንገልን አይገድልም፣ ደጋግሞ መቁረጥ ግን ሥሩን ያደክማል። ከአንድ ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከውሃው ወለል በላይ፣ በሐይቁ በኩል 5 ሜትር ሳይነካ እየተተወ ቢቆረጥ መጪው ዓመትም ታንኳ ይኖራል። ማቃጠል ግን የሚመጣውን ቡቃያ አብሮ ይፈጃል።

ከኃይለኛ ነፋስ በኋላ ዳርቻውን «ለማጽዳት» አትቸኩሉ። በካሪቢያን ደሴቶች ማዕበል የተፋውን ቅርንጫፍና የባሕር ሣር በዶዘር የሚጠርጉ ሰዎች አሸዋውንም አብረው ይጠርጋሉ፤ የተተወው ክምር ግን ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋ ይዞ አዲስ ጉብታ ይሆናል። እዚህም ማዕበል ነቅሎ የጣለው ደንገል ከነሥሩ ሲገኝ ቆሻሻ አይደለም፣ ነጻ ችግኝ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ መልሳችሁ ትከሉት። መለየት ያለበት እምቦጩን፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን መጤ አረም፣ ነው። እምቦጭ ከውሃው ዳር ተከምሮ ከተተወ ቀጣዩ ሞገድ መልሶ ይወስደዋል፤ ከመስከረሙ ምልክት በላይ አውጥታችሁ አድርቁት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ቦታው በየዓመቱ ይታይ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በነፋስ ተገፍቶ ለጋው ደንገል ላይ የሚቀመጠውን እምቦጭም በየሳምንቱ በእጅ አንሡ፤ በመንሽ ስትጎትቱ ደንገሉን አብራችሁ እንዳትነቅሉ።

ቅጠሉ የረገፈ የሾላ፣ የዋንዛ ወይም የዶቅማ ዛፍ ስታዩ መጥረቢያ አታንሡ። ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፣ አንድ ክረምት ጠብቁት። ግንዱ ከ10 ሴ.ሜ. የቀጠነ ዘንበል ያለ ዛፍ ሥሩ ሳይደርቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢቃናና በሦስት በኩል ቢወጠር ይይዛል። የወፈረውን ግን ማቃናት ያልተበጠሰውንም ሥር ይበጥሳል፤ ካዘነበለበት ቢተው ይሻላል። ከውሃው ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው መስመር ላይ ባሕር ዛፍ በዶቅማና በሾላ ቢተካ፣ በቁልቁለቱ ላይም ቬቲቨር ሣር በየ15 ሴ.ሜ. ቢደረደር ከደንገሉ ጀርባ ያለው አፈር ይያዛል።

የዘንድሮውን ምልክት ያላሰመረ ሰው በኅዳር ረድፉን በግምት ይጀምራል፤ ቀለሙና ብሩሹ በመስከረም ይዘጋጅ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጣና ዳርቻ በአፈርና በእጽዋት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ባሕር ዳር