ለቁጥር ብለህ አታንብብ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ?

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጣት። አውጣጥቼ አውጣጥቼ ነው የተናገረችው፤ ደግሞም ስለምትሳሳልህ ነው። ግድግዳህ ላይ የለጠፍከውን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። 50 ሳጥን። 31ዱን አጥቁረሃቸዋል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «19 ቀረ፣ 3 ሳምንት» ብለህ ጽፈሃል፤ ቀዩን ደጋግመህ ከመጫንህ የተነሳ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ሌሊት ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ሰክተህ መጽሐፍ በእጥፍ ፍጥነት እንደምትሰማ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደምታንቀላፋም ሰማሁ።

ባለፈው ልደትህ «እስከሚቀጥለው 50 መጽሐፍ አነባለሁ» ስትል ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አሁንም እኮራብሃለሁ። 31 መጽሐፍ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሆዴ፣ ለቁጥር ብለህ አታንብብ።

እስቲ ወረቀት አምጣና አብረን እናስላ። አንድ መጽሐፍ 300 ገጽ ነው እንበል። 50 መጽሐፍ 15,000 ገጽ ይሆናል። ለ365 ቀን ስታካፍለው በቀን 41 ገጽ ይደርስሃል። አንድ ገጽ 2 ደቂቃ ቢወስድብህ በየቀኑ 82 ደቂቃ ማለት ነው። ፈተና ቢኖርም፣ ቢያምህም፣ እንግዳ ቢመጣም 82 ደቂቃ። ይህን ስሌት የዛሬ ዓመት ሠርተኸው ቢሆን 50 የሚለው ቁጥር ከአፍህ አይወጣም ነበር። ቁጥሩን የመረጥከው ሙሉ ስለሆነና ሲጠሩት ደስ ስለሚል ነው።

ማርክ ብሪስባርት የሚባል ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍ 190 ጥናቶችን ሰብስቦ አየና አንድ አዋቂ ሰው እንግሊዝኛ በለሆሳስ ሲያነብ በደቂቃ 238 ቃል ገደማ እንደሚያነብ አገኘ። ልብ ወለድ ሲሆን ትንሽ ይፈጥናል፣ 260 ገደማ። የእኛ ቋንቋ አንዱ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ቁጥሩን እንዳለ አትውሰደው። የራስህን ለካ። 20 ደቂቃ ሳትቸኩል አንብብ፣ ስንት ገጽ እንደሄድክ እይ። ዕቅድህን እዚያ ላይ ሥራ። በ20 ደቂቃ 10 ገጽ ከሄድክ በወር አንድ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ይወጣሃል፤ በዓመት 12። 12 መጽሐፍ ያነበበ ሰው አንባቢ ነው፤ ማንም አይከለክለውም።

ማዳመጥ አይቆጠርም አልልህም። ማዳመጥም ንባብ ነው። በእጥፍ ፍጥነት፣ በእንቅልፍ ልብ ሲሆን ግን ከጆሮህ አያልፍም። በዓይን በፍጥነት ማንበብንም ቢሆን ያጠኑት ሰዎች የሚሉት አንድ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር መረዳት ይቀንሳል።

ከሁሉም ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ልደትህ ላይ የሰጠሁህን ወፍራሙን መጽሐፍ 200ኛው ገጽ ላይ ጥለኸዋል አሉ። «ጥሩ ነው፣ ግን ያስዘገየኛል» ብለሃታል ለእህትህ። ከዚያ ወዲህ ከ120 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አልያዝክም። ይኸው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። መጽሐፍ የሚመርጥልህ ቁጥሩ ሆኗል። የወደድከውን አስጥሎ ቶሎ የሚያልቀውን ያስይዝሃል። አንተ ደግሞ እሺ እያልከው ነው። ለቁጥር ብለህ አታንብብ ስልህ ይህን ማለቴ ነው።

አያትህን አታስታውሰውም፤ ገና ስትድህ ነው የሄደው። እሱ ፊደል የቆጠረው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ እኔን ከወለደ በኋላ ነው። ማታ ማታ መብራቱ ሥር ይቀመጥና ያን ቀይ ሽፋን ያለውን የታሪክ መጽሐፍ ይገልጣል። እናንተ ጋ ያለው እሱ ነው፣ ጀርባው የተሰፋው። ሌባ ጣቱን ከመስመሩ ሥር ያስኬዳል። ጥፍሩ ተሰንጥቆ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ከባድ ቃል ሲገጥመው ጣቱ ይቆማል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ቃሉን ጮክ ብሎ ይለዋል። ከዚያ ጣቱ ይቀጥላል። በአንድ ምሽት አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት።

አዲስ ገጽ ከመጀመሩ በፊት ግን ሁልጊዜ መጽሐፉን ይከድንና «ትናንት የት ደርሰን ነበር?» ይለኛል። እኔ ከመመለሴ በፊት ራሱ መተረክ ይጀምራል። ትረካው መሀል ላይ ከጠፋበት ወደ ትናንቱ ገጽ እንመለሳለን። እኔ ልጅ ነኝ፣ ይሰለቸኛል። «አባባ፣ አንብበነዋል እኮ!» እለዋለሁ። «ዓይኔ አልፎበታል እንጂ እኔ አላለፍኩበትም» ይለኝ ነበር።

መጽሐፉ ከዓመት በላይ ፈጀበት። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በኋላ ዓይኑ ደከመና እኔ አነብለት ጀመር። ያኔም ሥርዓቱን አልለወጠም፤ መጀመሪያ የትናንቱን ይተርካል፣ ከዚያ እኔ የዛሬውን አነባለሁ። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ሞተ። ያን ምዕራፍ ሰንብቼ ብቻዬን አነበብኩት። በማግስቱ ማታ «ትናንት የት ደርሰን ነበር?» የሚል ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቢኖር ያ ምዕራፍ ነው። በዕድሜው ሙሉ ያነበበው መጽሐፍ የእጅ ጣት አይሞላም። ስለ አንዱም ብትጠይቀው ግን ያስመሽሃል።

ስለ አንተ ልጽፍ ተነስቼ ስለ አባቴ ሆነ። ግን አይለያይም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። አንዳንዶቹ ደጋግመው አነበቡት። ሌሎቹ አንብበው ከዘጉ በኋላ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው ያስታወሱት በለጡ። አባባ ይህን ማንም ሳይነግረው ያደርገው ነበር። አንተም አድርገው። አንብበህ ስትጨርስ መጽሐፉን ክደንና በደብተርህ ሦስት መስመር ጻፍ፣ ሳታይ።

አሁን ጠበቅ አድርጌ የምነግርህን ስማ። ስልክህን ሌሊት ከአልጋህ አርቀው፤ ቻርጀሩን ወደ በሩ ጋ ውሰደው። ዓይንህን ተመርመር። ያምሃል የተባለው ራስ ምታት ከእንቅልፍ ማጣት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የአባባም ዓይን እንደዚሁ ነው የጀመረው። ከቤተ መጻሕፍት ወስደህ ያላነበብካቸውን መልስ፤ የሚጠብቃቸው ሰው ይኖራል። ያልወደድከውን መጽሐፍ ደግሞ ተወው። ግማሽ ላይ መተው ነውር አይደለም። ነውሩ የወደድከውን መተው ነው።

ለማንበቢያ የቁርጥ ሰዓት ስጠው። «ዛሬ አነባለሁ» አትበል። «እራት እንደበላሁ፣ ያቺ ወንበር ላይ፣ 20 ደቂቃ» በል። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው ስለዚሁ ነው፤ መቼና የት ብሎ የቆረጠ ሰው ያሰበውን የማድረግ ዕድሉ ይጨምራል። ሠንጠረዥ ካማረህ ያነበብክበትን ቀን አጥቁር፣ የጨረስከውን መጽሐፍ ሳይሆን።

ቀን ያመልጥሃል። ያምልጥህ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ተመራማሪዎች ጥናት ነበር፣ ስለ አመጋገብና ስለ ስፖርት ልማድ። አንድ ነገር እንደ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ለአንዱ 18፣ ለሌላው እስከ 254 ነው ግምቱ። አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን አላበላሸውም። ስለዚህ ያመለጠህን ቀን በሌሊት ልክፈል አትበል። ዕዳ የለብህም። የምትከፍለው ማንም የለም።

19ኙን መጽሐፍ እርሳቸው። ከ50 ሰላሳ አንድ ማንበብ መሸነፍ የሚመስልህ ቁጥሩን ስለምታየው ነው። ስንቴ ልበልህ፣ ለቁጥር ብለህ አታንብብ! ያ ወፍራም መጽሐፍ 560 ገጽ ነው፤ 360 ይቀርሃል። እስከ ልደትህ 21 ቀን አለ። በቀን 17 ገጽ ገደማ ነው፤ ባንተ አነባበብ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ብዙ ከመሰለህ ከልደትህ በኋላ ይለቅ። መጽሐፉ የትም አይሄድም።

ዛሬ ተኛ። ነገ እራት ከበላህ በኋላ 200ኛውን ገጽ ሳትገልጥ መጀመሪያ እስካሁን ያነበብከውን ለእህትህ ተርክላት፤ እሺ ብላኛለች። ከጠፋብህ ወደ ኋላ ተመለስ። እሁድ ስደውል ስንት ገጽ እንደሄድክ አልጠይቅህም። ሽማግሌው ከልጁ ጋር ታረቀ ወይስ አልታረቀም የሚለውን ነው የምጠይቅህ፤ እኔም 230ኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ አትቅደመኝ።

የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ስትይዝ ጻፍልኝ።

እናትህ