ፖስተሩን እየተቻችሁ አታስተዋውቁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ምርጫ ፖስተሮች የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ውሸቱን ውሸት ለማለት አለመፍራታችሁ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። «ይህ ፖስተር ያሳስታል» ብላችሁ ስትጽፉ ፖስተሩን ራሱን ግማሽ ገጽ ትሰጡታላችሁ። ማስተባበያው ከሥሩ በደቃቅ ግራጫ ፊደል ይቀመጣል። ሥራዬ ግራፊክስ ዲዛይን ነውና ልንገራችሁ፤ እንዲህ ከሆነ የተጠቀመው ፖስተሩ ነው።

ብዙ ሰው ፖስተር የሚያሳምነው በቀለሙ ይመስለዋል። ቀይ ቁጣ ነው፣ ሰማያዊ መታመን ነው ይባላል። እኔ ብዙም አይዋጥልኝም፤ የቀለም ትርጉም እንደ አገሩና እንደ ፓርቲው ይለዋወጣል። ይልቅ መለመድን ፍሩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ስላየው ብቻ እየወደደው ይመጣል። ለዓይን መቅለልም አለ። ሬበርና ሽዋርዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ፣ ከጀርባው ቀለም ጎልቶ የወጣ ዓረፍተ ነገር ከደብዛዛው በመጠኑም ቢሆን ይበልጥ እውነት መስሎ ታይቷል። እንግዲህ የእናንተን ግራጫ ማስተባበያ አስቡት!

በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ያኔ ተቃዋሚ የነበረው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ያሠራውን ፖስተር ውሰዱ። ነጭ ሜዳ ላይ የተጠማዘዘ ረጅም የሥራ አጦች ሰልፍ ይታያል። የተሰለፉት ግን ሥራ አጦች ሳይሆኑ የፓርቲው ደጋፊዎች ናቸው። የመጣው ሰው ስላነሰ ያንኑ ሰው ደጋግመው አንስተው ፎቶውን ቀጣጠሉት። ፖስተሩ የተሰቀለበት ቦታ ጥቂት ነበር። የገዥው የሌበር ፓርቲ የገንዘብ ሚኒስትር ዴኒስ ሂሊ ፓርላማ ውስጥ ሲያወግዙት ግን ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም እየተቀባበለ አሳየው። ከሳሹ በነፃ አስተዋወቁት ማለት ነው። የሰልፉን ጉድ ስንቱ ሰው አውቆ ይሆን? ሰልፉን ግን አገር አይቶታል።

ምስሉን ጨርሶ አታውጡ አላልኩም። አንባቢ የምትተቹትን ነገር ማየት አለበት። የገጽ አቀናባሪያችሁም ትልቅ ፎቶ ገጹን ያደምቀዋል ቢል እውነቱን ነው። ብቻ ፖስተሩን አሳንሱት። ስህተቱ ያለበትን ቦታ ምስሉ ላይ አክብቡበት፤ እርማቱንም እዚያው ጎኑ፣ በጥቁር ወፍራም ፊደል ጻፉት። የፊት ገጽ ላይ ደግሞ ባይወጣ እመርጣለሁ፤ ገጹን ገለጥ አድርጎ የሚያልፈው ሰው የሚያየው ምስሉን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ