ለንደን ላለችው ጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ጓደኛዬ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔም ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ዘመን ሆነን! አድራሻሽን ከእኅትሽ ተቀብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። የሠፈሩን ወሬ፣ የወለደውንና ያገባውን ሁሉ በስልክ እናወራዋለን። ዛሬ ግን ስለ ስክራብል ላጫውትሽ፤ ፊደልና ነጥብ በተጻፈባቸው ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ስለሚደረደርበት ጨዋታ።

የወንድሜ ልጆች አድገው አሁን አብረውኝ ይጫወታሉ። ስልካቸው ቃሉን ከተቀበለላቸው ነጥቡን ጽፈው ያልፋሉ። «ምን ማለት ነው?» ስላቸው «ይሠራል» ነው መልሳቸው። እኔ አያስችለኝም፤ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። እዚያ ያገኘሁትን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ዛክስ የሚለውን ቃል እናንሳ። ዜድ 10፣ ኤ 1፣ ኤክስ 8፤ በሦስት ፊደል 19 ነጥብ ያስገኛል፤ ሦስት እጥፍ በሚያደርገው ቀይ ቤት ላይ ካረፈ 57። ጣሪያ በስስ ድንጋይ የሚያለብሱ ሠራተኞች ድንጋዩን የሚቆርጡበት መሣሪያ ነው። ወደ ሥሩ ስትወርጂ «ሴአክስ» የሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ታገኛለሽ፤ ቢላዋ ማለት ነው። ሳክሶኖች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቢላዋ እንደሆነ ይታመናል። ልጆቹ 57 ብለው ጽፈው ያለፉት ቃል የአንድ ሕዝብ ስም ዘመድ ነበር።

ካይን የሚለውስ? የ«ካው» የድሮ ብዙ ቁጥር ነው፤ ላሞች ማለት። አይን የሚባልም አለ፤ በኢ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ኢ ይጻፋል፣ የእንግሊዞቹ የድሮ «ዓይኖች» ነው። ሹን ደግሞ ጫማዎች። በድሮው እንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር በኤን የሚያልቅ ስም ሞልቶ ነበር፤ ቀስ በቀስ ኤስ ሁሉንም ጠቀለለውና ዛሬ በዕለት ንግግር የቀሩት እንደ ኦክስን (በሬዎች) እና ቺልድረን (ልጆች) ያሉ ጥቂቶች ናቸው። የተቀሩት ከሰው አፍ ወጥተው የስክራብል ሰሌዳ ላይ ይኖራሉ።

እንዴት ተረፉ ብዬ ስከታተል የደረስኩበት ሰው ኤድመንድ ስፔንሰር ነው፣ በ1599 እ.ኤ.አ. የሞተው እንግሊዛዊ ባለቅኔ። የሱ ነገር ልቤን ነካው። በራሱ ዘመን እንኳ ያረጁ ቃላትን ሆን ብሎ፣ ከሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ለነበረው ባለቅኔ ለቾሰር ካለው ፍቅር የተነሣ፣ እየፈለገ በግጥሙ ይከት ነበር። ቼምበርስ የሚባለው መዝገበ ቃላት የስፔንሰርን፣ የሼክስፒርንና የሚልተንን ቃላት ሰብስቦ ያዘ። በእንግሊዝ አገር ለረጅም ጊዜ የስክራብል ዳኛው ይኸው መጽሐፍ ነበር፤ በኋላ ኮሊንስ የሚባል ሌላ መዝገበ ቃላት ቢተካውም ቃላቱ አልወጡም። ስለዚህ የአንድ ባለቅኔ ፍቅር አራት መቶ ዓመት ተሻግሮ እኛ ሳሎን ገባ ማለት ነው!

ስለ ኒጀል ሪቻርድስ ሰምተሽ ይሆናል። ኒውዚላንዳዊ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፣ ቃላቱን በሙሉ አጥንቶ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት አደንቃለሁ፣ ከልቤ። ግን ያንን ሁሉ ቃል ይዞ ትርጉሙን ሳያውቁ መሄድ ለእኔ ያሳዝነኛል፤ ልጆቹ በዚያ መንገድ እንዲለምዱት አልፈልግም። አሁን ቤታችን ውስጥ ሕግ አውጥቻለሁ፦ ቃል የደረደረ ትርጉሙን ይናገራል፣ ካላወቀ ከመዝገቡ ፈልጎ ጮክ ብሎ ያነባል። መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። አሁን ትንሿ እኔን ቀድማ ትገልጣለች።

ለዚህ ሕግ የሚስማማ ሌላ ጨዋታም አለ፤ እዚያ ያሉት ያውቁታል። አንዱ ሰው ማንም የማያውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ይመርጣል፣ ሌሎቹ የፈጠራ ፍች ይጽፋሉ፣ እውነተኛው ከሐሰቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ይነበባል። እውነቱን የለየ ነጥብ ያገኛል፤ በሐሰት ፍቹ ሌላውን ያሳመነም እንዲሁ። ቢቢሲም ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዓይነት ጨዋታ ላይ የተመሠረተ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበረው፤ ሦስት ሰዎች ለአንድ ቃል ሦስት ፍች ይሰጣሉ፣ እውነቱ አንዱ ብቻ ነው። ይህ በደብዳቤም ሆነ በስልክ መልእክት ለሁለት ሰው ይሆናል፤ እባክሽ እንጀምረው።

የመጀመሪያው ቃል ከእኔ፦ ሃይዝ። ኤች፣ ዋይ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኢ። በጣም ያረጀ እንግሊዝኛ ነው። አንደኛ፦ የበግ ጠጉር የሚበጠርበት የእንጨት ማበጠሪያ። ሁለተኛ፦ ጀልባ ጭነቱን የሚያራግፍበት ትንሽ የወንዝ ወደብ። ሦስተኛ፦ ባል ሲሞት ለሚስት የሚቆረጥ የእህል ድርሻ። መዝገበ ቃላት እንዳትገልጪ፣ አደራ። ፍንጭ ከፈለግሽ ግን ቃሉ እዚያው ለንደን ውስጥ በአንድ ሠፈር ስም መጨረሻ ላይ ተጣብቆ አለ፤ ሠፈሩን ካገኘሽው ሄደሽ እዪው። መልሱንና ያንቺን ቃል እጠብቃለሁ።

የዘወትር ጓደኛሽ
ከአዲስ አበባ